የአማርኛውን ተቀጽላ የሠሩት የአቶ ገብረ ጻድቅ ወልደ ሰንበት ዕረፍት

የደብረ ብርሃን ዘር ማደያ ማዕከል ሠራተኞች ማኅበር፣ የማዕከሉ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ የነበሩት አቶ ገብረ ጻድቅ ወልደ ሰንበት ሰኔ 19 ቀን 1982 ዓ.ም. በአርባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለሠራተኛው፣ ለገበሬ ማኅበራትና ለወዳጆቻቸው የሚያስታውቀው በመራር ሐዘን ነው። ሐዘናችን ከንዴት ጋር የተቀላቀለ መሆኑንም አንደብቅም።

አቶ ገብረ ጻድቅ ሰላ ድንጋይ ውስጥ ከካህናት ቤተሰብ ተወለዱ። ዳዊት ደግመው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ብርሃን አጠናቀው በኤሌክትሪክ ምህንድስና ከተመረቁ በኋላ ሶፊያ ሄደው የኮምፒዩተር ትምህርት ተከታተሉ። ወደ ማዕከላችን የመጡት በ1977 ዓ.ም. ነው። ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ ብለን አንዋሽም። ስብሰባ ሲንዛዛ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይቀመጡ ነበር።

በ1978 ዓ.ም.፣ ከድርቁ በኋላ ለገበሬው ዘር ማደል ስንጀምር፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተርና ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ሰጠን። ፕሮግራሙ የገበሬውን ስምና ድርሻ መዝግቦ የዘር መውሰጃ ካርድ የሚያትም ነው። ችግሩ አማርኛ አያውቅም። ስም ሁሉ በላቲን ፊደል እንዲገባ ታዘዘ። አቶ ገብረ ጻድቅ ይህ ጣጣ እንደሚያመጣ በጽሑፍ አሳሰቡ። መልስ አልመጣም።

ጣጣው በ1979 ዓ.ም. መጣ። በአሊዩ አምባ አካባቢ ሰሊሃ ረሺድና ሳሊሃ ረሺድ የሚባሉ፣ መንደራቸውም ዘራቸውም የማይገናኝ ሁለት ባልቴቶች ነበሩ። ሁለቱም ስሞች በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆነው ስለተጻፉ ማሽኑ አንዷን ደጋሚ ብሎ ሰረዛት። ወይዘሮ ሰሊሃ አህያ ተከራይተው የማሽላ ዘር ሊወስዱ ቢመጡ «ድርሻዎን ወስደዋል» ተባሉ። ነገሩን አስረድተው እንዲመለሱ ወደ አሊዩ አምባ የተላኩት አቶ ገብረ ጻድቅ ናቸው። ወይዘሮ ሰሊሃ አዳምጠዋቸው ሲያበቁ፣ «እንግዲህ ማሽኑ የለሽም አለኝ። ወላሂ፣ መሬቴ ግን አለ፤ ጦሙን አደረ እንጂ» አሏቸው። ስህተቱ ታርሞ ዘሩ ሲደርስ የማሽላው ወቅት አልፎ ነበር። የወይዘሮ ሰሊሃ ማሳ በዚያ ዓመት ሳይዘራ ቀረ።

አቶ ገብረ ጻድቅ ከቆላ ሲመለሱ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ማሽኑ አልተሳሳተም። ፊደሉን የነሳነው እኛ ነን።» ወንበራቸውንም ወደ መስኮቱ አላዞሩም።

በ1980 ዓ.ም. «ተቀጽላ» ብለው የጠሩትን ሥራ አጠናቀቁ። ከውጭ የመጣውን ፕሮግራም ከፍቶ ማረም አይቻልም፤ የተዘጋ ነው። ሆኖም በማሽኑ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ተጨማሪ ክፍል የሚገጠምበት ቦታ አለው። አቶ ገብረ ጻድቅ ያንን ቦታ ፈልገው አገኙ። ዛፍ ላይ እንደሚበቅል ተቀጽላ በዚያ የሚጣበቅ ክፍል ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ፊደላችንን በማሳያ መስታወቱ ላይ አሳየ፣ በካርድ ላይ አተመ፣ ስሞችን በሀ ሁ ተራ ደረደረ። ሰሊሃና ሳሊሃም ሁለት ሰዎች ሆኑ። ካርዱን በገዛ ፊደላቸው አንብበው የተቀበሉ የጎረቤላ ገበሬዎች ምን እንዳሉ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ምርቃቱ ብዙ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ዋናው መሥሪያ ቤት ምንም ሳያስታውቅ አዲስ የፕሮግራም እትም ላከ። በአዲሱ እትም መጋጠሚያው ቦታውን ለቅቋል። ለአሮጌው የተሠራው ተቀጽላ ሲጫን ማሽኑ ደርቆ ይቆማል። ሁሉም ነገር እንደገና መሠራት ነበረበት፤ ተሠራም። ዓመቱ ሳያልቅ ሌላ እትም መጣ፤ እንደገና ተሠራ። አቶ ገብረ ጻድቅ አዲስ አበባ ወርደው የእትሙ ቴክኒክ መመሪያ ቀደም ብሎ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ምስጢር ነው ተባሉ። ምስጢርነቱ ከማን እንደሆነ ማኅበራችን ጠይቆ እስካሁን አልተነገረውም። እርሳቸው ግን ለኃላፊዎቹ እንዲህ ብለው ነበር፤ «ቀንበሩን ስትለውጡ ሞፈር ጠራቢውን አስቀድማችሁ ንገሩት። በሬው ተጠምዶ ከቆመ በኋላ አይደለም።»

በዚያው ዓመት የአሊዩ አምባ ተወላጇን የጽሕፈት ሠራተኛችንን ወይዘሪት መሊካ ዘይኑልአቢዲንን ሙያውን ማስተማር ጀመሩ። ተማሪዋ እንደ መምህሯ ቁጡ መሆኗን ክፍሉ አይቷል። ሁለቱ በአንዲት የፕሮግራም ትእዛዝ አጻጻፍ ላይ እስከ ምሳ ሲከራከሩ ማንም መሐል አይገባም ነበር።

በያዝነው ዓመት የአቶ ገብረ ጻድቅ የጉበት ሕመም ጠናባቸው። በግንቦት አዲስ አበባ ገብተው እንዲታከሙ ቀጠሮ ተይዞ ሳለ፣ ግንቦት እንደባተ ሌላ እትም መጣ፤ አሮጌው እንዳይሠራም ታዘዘ። የጤፍ ዘር እደላ ደርሷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ወደ ቢሮ መጥተው፣ «አንተ ሰው ነህ ወይስ የዚህ ማሽን ዕቃ?» ሲሏቸው ሰምተናል። «ሰኔ ሳይገባ ልጨርሰው፤ ከዚያ ወዴትም ውሰጂኝ» ብለው መለሱ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ከዚያ በኋላ በየቀኑ አጥሚት ይዘው እየመጡ እስኪጠጡት አጠገባቸው ይቆሙ ነበር። ሥራው አለቀ። ካርዱ ታተመ፤ ዘሩም ለሁሉም በወቅቱ ደረሰ። አቶ ገብረ ጻድቅ ሆስፒታል የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ቀደም ብለው ቢታከሙ ይድኑ እንደነበር ሐኪም አልነገረንም፤ እኛም ያላወቅነውን አንናገርም። ቀጠሮው ለምን እንዳለፈ ግን እናውቃለን።

ሥርዓተ ቀብራቸው በትውልድ ቦታቸው ሰላ ድንጋይ ሲፈጸም ከአሊዩ አምባ አቀበቱን ወጥተው የመጡ ሙስሊም ገበሬዎች ከካህናቱ ጎን ቆመው ሸኝተዋቸዋል። ማኅበራችን ያመሰግናቸዋል።

በሠልስታቸው ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጥቅል ደረሰን። የሐዘን መግለጫ መስሎን ከፈትነው። ውስጡ አዲስ እትም የያዘ ዲስክና «ጓድ ገብረ ጻድቅ ተቀጽላውን በአስቸኳይ እንዲያስተካክሉ» የሚል ትእዛዝ ነበር። መርዶውን ግን ባረፉበት ዕለት በቴሌግራም አሳውቀን ነበር። ትእዛዙን «ተቀባዩ በሞት ተለይተዋል» ብለን መልሰናል። ዲስኩን አልመለስነውም። ወይዘሪት መሊካ ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ማሽኑን ከፍታ ሥራ ጀምራለች፤ «መመሪያውን ካልላኩ እኔው ሄጄ በራቸው ላይ እቀመጣለሁ» ብላለች። ማኅበሩ የውሎ አበሏን ይከፍላል።

ለወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ ለልጆቻቸውና ለሰላ ድንጋይ ቤተሰቦቻቸው ጽናቱን ይስጥልን። አፈሩ ይቅለላቸው፤ የደከሙለት ገበሬ ዘንድሮ ዘርቷል።

የደብረ ብርሃን ዘር ማደያ ማዕከል ሠራተኞች ማኅበር
ሰኔ 24 ቀን 1982 ዓ.ም.