በጠረጴዛዬ ላይ ስለዘነበው የጣሪያ ውኃ

ለክቡር አቶ ደምሴ፣ የጸዳለ ወርቅ ሕንፃ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ታቦር

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ ፓምፕዎ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ብራና የምጽፈው ተከራይዎ መሪጌታ ቀለመወርቅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉንፋኔ በቀር ደኅና ነኝ። ጉንፋኑም ከእርስዎ የመጣ ስለሆነ በአክብሮት ተቀብየዋለሁ።

እሳት ቢነሣ እንዳንቃጠል አስበው በየክፍሉ ጣሪያ ላይ የእሳት ማጥፊያ ውኃ መርጫ ስላስተከሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉኝ በቁጥር አስቀምጬ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ ባለሙያው ለባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አነስተኛ ፓምፕ እንደሚበቃ በጽሑፍ መክሮዎት ሳለ፣ ክቡርነትዎ ሐሙሲት ከተማ ድረስ ወርደው የአንድ ቀበሌ ሽንኩርት የሚያጠጣ የመስኖ ፓምፕ ገዝተውልናል። በሽንኩርት ደረጃ ታስበን ስለማናውቅ ኮርተናል።

፪ኛ፦ ውኃ በፈረቃ በሚያገኝ ከተማ ግፊት ይቀነስ ማለት ጥጋብ ነው በማለት የግፊት መቀነሻውን ቫልቭ አስቀርተዋል።

፫ኛ፦ የግፊት መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር አልፎ በሄደ ጊዜ፣ ተከራይ እንዳይደነግጥ አዝነው መለኪያውን በግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ሸፍነውታል። ስለዚህ ግፊቱ ስንት እንደደረሰ ባናውቅም፣ ዕለቱ የየትኛው ቅዱስ በዓል እንደሆነ እናውቃለን።

፬ኛ፦ ያለፈው ቅዳሜ ፓምፑን ለሙከራ ሲያስነሡት፣ ከራሴ በላይ ያለው መርጫ ተፈንቅሎ ወደቀ፤ ውኃውም ጥምጥሜን ከራሴ ገፎ ኮሪደር አደረሰው። እሳት አልነበረም፤ የበራ ጧፍ እንኳ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ለነሐሴ ፲፫ በዓል ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ላስረክብ ቃል የገባሁት፣ ሁለት ዓመት የደከምሁበት ዳዊት ነው። አሥራ ስምንት ቅጠሉ ታጠበ። ብራናው ርሶ፣ ተጨማዶ፣ ወደ ፍየልነቱ ሊመለስ ጥቂት ነበር የቀረው። ውጭው ሐምሌ ስለሆነም የማደርቅበት ፀሐይ የለኝም። አልደብቅዎትም፣ አልቅሻለሁ።

፭ኛ፦ ጎረቤቴ ወይዘሮ አሰለፈች ጩኸቴን ሰምተው የውኃውን መዝጊያ ይዘጉልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ውኃ መጣ ብለው ፎቁን በሙሉ ጠሩ። ጀሪካን ሳይዝ የመጣ ተከራይ አልነበረም። ከሁለተኛው ፎቅ የመጡ አንድ አዛውንትማ ጠበል የፈለቀ መስሏቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ከሥሩ ቆሙ፤ ግፊቱ መትቶ ሲጥላቸውም ርኩስ መንፈስ ለቀቀኝ ብለው ተደሰቱ። ዋንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ የመሄድ ድካም ስለቀረላቸው እስከ ዛሬ እርስዎን ይመርቃሉ። መዝጊያው ይዘጋ ያልሁት እኔ ብቻ ስለነበርሁ፣ ሁሉም እስኪቀዳ በገዛ ክፍሌ ተራ እንድጠብቅ ተደረግሁ።

ክቡር ሆይ፣ የታጠቡትን ቅጠሎች እንደገና እየጻፍሁ ነው። ለበዓሉ የቀረኝ አምስት ሳምንት ነው፤ ያ ፓምፕ አንድ ጊዜ ከተነሣ ዳዊቱም ቃሌም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የግፊት መቀነሻው እንዲገባልን፣ እስኪገባም ድረስ ፓምፑ እንዳይነሣ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ዕድሜዎ እንደ ፓምፕዎ የበረታ፣ ቁጣዎ እንደ ከተማችን ቧንቧ የሳሳ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ገና ያልደረቀው ተከራይዎ
መሪጌታ ቀለመወርቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ዕለት በቢሮዎ እውነተኛ እሳት መነሣቱን ሰምቼ አዝኛለሁ። የጣሪያው ታንከር ቅዳሜ በእኔ ላይ ስላለቀ፣ የከተማውም ፈረቃ ስላልደረሰ፣ መርጫው አንድ ጠብታ እንኳ ሳይወረውር ቀርቶ፣ እሳቱን ያጠፋችው የጽዳት ሠራተኛዋ ፈንታነሽ በወለል መወልወያ ባልዲዋ ነው አሉ። የተቃጠለው አንድ ፋይል ብቻ እንደሆነ፣ በውስጡም ግፊቱ እንዲቀነስ ከጥር ወር ጀምሮ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች እንደነበሩ ተነግሮኛል። ይህን አራተኛውን በሕንፃው በር ላይ የለጠፍሁት ስለዚህ ነው።