የእንድሪስ የውሃ ተራ

ረቡዕ

አራት መውጫ ብቻ! ወልድያ ድረስ ሄጄ ያገኘሁት ይኸው ነው። መዳፌ ላይ የሚበቃ ነጭ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን። ባለሱቁ በነሐሴ፣ በጦርነቱ ከተማዋ ልትያዝ ስትል፣ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀብሮት ነው የተረፈው። ገና ስከፍተው አስነጠሰኝ።

ከቤት ስወጣ የጻፍኩት፦ ሰዓት ያለው። መብራት ሲጠፋ የት እንደደረሰ የማይረሳ። በራሱ ቁልፎች የሚታዘዝ፣ ላፕቶፔን ታጣቂዎች ወስደውታልና። አምስት መውጫ፤ አንዱ ለፓምፑ፣ አራቱ ለአራታችን ማሳ የውሃ መክፈቻ ቫልቮች። ሁሉም ተሟላ፣ አንድ መውጫ ጎደለ።

እዚህ መርሳ መብራት ከተመለሰ ወዲህ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል። ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ማን ይጠብቀው? ሽንኩርቱ ደግሞ አይጠብቅም። ይህ ሳጥን ግን መብራት በመጣ ቁጥር ፓምፑን አስነስቶ ውሃውን ከቆመበት ተራ ይቀጥላል።

ልወጣ ስል ባለሱቁ፣ "ወንድምሽስ?" አለኝ። "ትልቁን ሳጥን እኮ እሱ ነው የወሰደው። መኪና ሲጠፋ በሽርጡ ጠቅልሎ፣ ወደ ሐራ በእግር ከሚወርዱት ጋር ሲሄድ አይቼዋለሁ።"

ወንድሜን እንድሪስን በነሐሴ ወልድያ ሂድና ዕቃውን አምጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፁ የለም። ስመለስ ወደ ሐራ የሚታጠፈው መንገድ ጋ ሜዳው ጉም ለብሶ ነበር። በሚኒባሱ መስኮት ያየሁት መንገደኛ ሁሉ እሱን መሰለኝ።

ሐሙስ

ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አብርቼ ስነካካው ዋልኩ። ትንሽ አረንጓዴ መስኮት አለው። ወራት በኩራዝ የኖረ ዓይን ይህን ሲያይ ይፈዛል፤ ወላሂ፣ ሥራዬን ትቼ ዝም ብዬ አየው ነበር።

ሀዋ መጣች፣ የእንድሪስ ሚስት። መውጫው አልበቃ እንዳለኝ ነገርኳት። ሳትቀመጥ፣ "የእኛን አውጪው" አለች። "ማሳው ጦም አድሯል። ለማን ብለሽ ነው የምታጠጪው?"

እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ። ሦስት ማሳ፣ አንድ ፓምፕ፤ ልክክ አለ። የእንድሪስን ተራ ሰርዤ ፕሮግራሙን ጨረስኩ። ከዚያ በአንድ ቁልፍ ወንድሜን የቀበርኩት መሰለኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አባ ይመር ብቅ አሉ። የአንዱ ማሳ ባለቤትና ተራ የሚያስጠብቁ የውሃ አባታችን ናቸው። ተራ ሲገባ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው የባለማሳውን ስም ይጠራሉ፤ ቤተሰቡ "አለን!" ይላል፣ ውሃው ይለቀቃል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የሚመልስ ከሌለ ውሃው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይኸው ስንት ጊዜ እንድሪስን ጠሩ። ሀዋ ያን ሰዓት በሯን ትዘጋለች። እኔም ሥራ የበዛብኝ መስዬ አንገቴን እደፋለሁ።

"ከእንግዲህ አይደክሙም፤ ይህ ይጠራልዎታል" አልኳቸው እየሳቅሁ።

ሳጥኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። "ስንት ስም ያውቃል?"

"ሦስት።"

"እኔ አራት አውቃለሁ። ልጄ፣ ያልመለሰ ሰው ተራው ያልፈዋል እንጂ አይሰረዝም። ሬሳውን አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያ ማን ነሽና ነው የምትሰርዢው?"

ተናደድኩ። መውጫ የለውም፣ ከየት ልውለድ? አልኳቸው። ለአባ ይመር እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። "እሱን አንቺ ታውቂያለሽ" ብለው ምርኩዛቸውን አነሱ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ንጋት ላይ ሕልም አየሁ። ውሃ ያለ ቧንቧ፣ ያለ ድምፅ ማሳ ለማሳ ይሄዳል። እንድሪስ ሽርጡን ሰብስቦ ከኋላው ይራመዳል፣ አይጣደፍም፣ ዞርም አይልም። ስነቃ ፊቱን አለማየቴ ቆጨኝ።

ቁርስ ላይ ሐሳቤ ሁሉ ቧንቧው ነበር። ሦስቱም ቫልቭ ተዘግቶ ፓምፑ ከሠራ ቧንቧው ይፈነዳል። ውሃው መሄጃ ይፈልጋል። መሄጃ፣ መሄጃ ስል ቆይቼ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። መሄጃው የእንድሪስ ማሳ ነዋ!

ከተቃጠለው ወፍጮ የመብራት ቦርድ ሦስት አሮጌ ሪሌ፣ መብራት ሲደርሰው ሌላ መስመር የሚቆርጥ ማብሪያ፣ ፈታሁ። ከሦስታችን የአንዳችን ቫልቭ ክፍት እስከሆነ ድረስ ሪሌው ወደ እንድሪስ ቫልቭ የሚሄደውን መብራት ይቆርጣል። ሦስቱም ሲዘጉ ይለቀዋል። በፕሮግራሙ መጨረሻ ፓምፑ ብቻ የሚሠራበት አራተኛ ተራ ጨመርኩ፤ የራሱ መውጫ አያስፈልገውም፣ እኛ ስናርፍ የእሱ ይከፈታል። ችግር በቅቤ ያስበላል አሉ!

ሌላዋ ባለማሳ እትዬ ስንዱ ካቻቢቴ እያቀበሉኝ፣ "ራውዳዬ፣ አይፈነዳም አይደል?" እያሉ ያማትባሉ። መጀመሪያ ገልብጬ አስሬው አራቱም ባንዴ ተከፈቱ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ፈትቼ እንደገና አሰርኩት፤ ልሞክረው ስል መብራት ሄደ።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ መብራት የለም። ሳጥኑ የፓምፑ ቤት ግድግዳ ላይ አንቀላፍቷል።

ሀዋን መንገድ ላይ አገኘኋት። "የእንድሪስን ተራ አላወጣሁትም" አልኳት። "ሰምቻለሁ" አለችና አለፈች። ተቀየመችኝ መሰለኝ። ዶማ ይዛ ነበር፤ ወዴት ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ መብራት መጣ። ሮጬ ጉድጓዱ ጋ ስደርስ አባ ይመር ቀድመውኛል።

ፓምፑ አጓራ። የአባ ይመር ቫልቭ ተከፈተ። የራሳቸውን ስም ጠርተው ራሳቸው "አለን!" አሉ፤ በሳቅ ሞትኩ። ቀጥሎ እትዬ ስንዱ፣ ቀጥሎ እኔ። ፀሐይዋ ማንጎው ላይ ወጥታ ውሃው ሁሉ ወርቅ መስሎ ነበር።

ከዚያ የእኔ ተዘጋ። ቧንቧው ተንዘፈዘፈ። ማጥፊያውን ይዤ ያረቢ፣ ያረቢ አልኩ። ጣ! አራተኛው ተከፈተ።

"እንድሪስ! ውሃህ መጣ!"

ዝም።

"እንድሪስ!"

ማጥፊያውን አጥብቄ ያዝኩ። ከሦስተኛው በኋላ አባ ይመር ዝጊው ይሉኛል፤ አውቃቸዋለሁ።

"እንድሪስ! ውሃህ መጣ!"

"አለን!"

ከማሳው መሀል ነው። ሀዋ ናት፤ ዶማዋን ጨብጣ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ከኋላዋ ያለው መሬት ተቆፍሯል። "አለን፣ አባ ይመር! ቀስ ይበል እንጂ፣ ቦዩ ገና አላለቀም!"

አባ ይመር ወደ ሌላ ዞረው ፊታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

ውሃው ግማሹን ማሳ እንዳዳረሰ መብራት ሄደ። እንድሪስ ከሐራ ወዴት እንደታጠፈ ዛሬም አላውቅም። ሀዋ ዶማዋን አስቀምጣ፣ "አሁንስ? ከማን ይጀምራል?" አለችኝ። ሳጥኑ የቆመበትን አይረሳም አልኳት። መብራት ሲመጣ የሚጀምረው ከእንድሪስ ነው።