ወንበሮቹ አይነሱም

ለውዷ ታላቄ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሽልኛል እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የምትሠሪበትን ሆቴል ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ የሚያቃጥልሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? ምግብስ እንደ ሰው ተቀምጠሽ ነው የምትበዪው ወይስ አሁንም ቆመሽ? ካልጠየቅሁሽ እንደማትነግሪኝ ስለማውቅ ነው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ የምዘረግፍብሽ። እኛ ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ጥርሷ ቢያስቸግራትም ምላሷ ምንም አልሆነ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ባለቤቴም ደህና ነው፤ እንዳንቺው «አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» ይለኛል፣ እኔም እንዳንቺው አልሰማውም።

ባለፈው በስልክ «ወንበሮቹን አንሺ፣ በገዛ እጅሽ ጉሮሮሽን አትዝጊ» ያልሽኝን ሳብሰለስለው ሰነበትኩ። ታላቄ ነሽና አክብሬ ሰማሁሽ። ግን አላነሳኋቸውም። አላነሳቸውምም። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ ልንገርሽ፤ አንቺም ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እኔና ባልደረባዬ ሁለቱን የስፌት መኪኖቻችንን ይዘን ከዚህ ፎቅ ደረጃ ሥር የገባነው አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ስለሆነ ቦታውን አላየሽውም። ጣሪያችን ራሱ ደረጃው ነው። ሰው ሲወርድ ከራሳችን በላይ ነው የሚረግጠው፤ በጫማው ድምፅ ብቻ ማን እንደመጣ እናውቃለን። ደንበኛ ቆሞ እንዳይጠብቅ ብዬ አራት ወንበሮች ግድግዳውን አስደግፌ ደረደርኩ። አንዷ እግሯ ስለተሰነጠቀ በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠምጥሜ አስሬያታለሁ። ነገሩ ሁሉ የመጣው በነዚህ ወንበሮች ነው።

የዚህ ፎቅ ሰዎች፣ እትዬ፣ ኩሩ ናቸው። «ብቸኝነት ሊገድለኝ ነው፣ ትንሽ እናውራ» ብሎ የሚመጣ የለም። ቁልፍ ይዘው ነው የሚመጡት። አንዷ የሸሚዝ፣ አንዱ የኮት ቁልፍ ይዞ «እስቲ ይህቺን ቶሎ ጣል አድርጊልኝ» ይልና ይቀመጣል። ቁልፍ መስፋት ምን ጊዜ ይፈጃል? እነሱ ግን ፀሐይ ከበሩ ላይ እስክትሸሽ አይነሱም። አንዳንዱ ልብስ ላይ ክሩ በመቀስ መቆረጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ እሰፋዋለሁ፤ ብዙም ሳላጠብቀው። እዚሁ ፎቅ የምትኖር አንዲት መምህርት ከባሏ እናት ጋር የታረቀችው እዚያ ወንበር ላይ ነው። እንዴት እንደተኳረፉ ብጽፍልሽ ወረቀቱ አይበቃኝም፤ በስልክ አስታውሺኝ።

ከሁሉም የሚብሱት ጋሽ ፍሬን ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ደረጃው ላይ የሚሮጥ ካዩ «ፍሬን ያዝ! ፍሬን!» ስለሚሉ ስማቸው እሱ ሆኖ ቀረ። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ያ አንድ ሸሚዛቸው ስንት ጊዜ ቁልፉ ተበጠሰ መሰለሽ! «ይሄ ሸሚዝ ከኔ ጋር ጠብ አለው» ይላሉ፤ ከዚያ ስለ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ስለ አስቸጋሪ ተሳፋሪ፣ ዞረው ዞረው ስለ ሚስታቸው ያወራሉ።

ባልደረባዬን ደግሞ ብረቷ ነው የምንላት፤ እሷ የሰፋችው አይቀደድም። ልቧም እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፣ የሰው ተንኮል አይገባትም። እናታችንን ሐኪም ቤት ይዣት በሄድኩበት ቀን ጋሽ ፍሬን ሸሚዛቸውን ይዘው ቢመጡ አሳዘኗት። አንዱን ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም በናይለን ክር ደራርባ ሰፋችላቸው። «ከእንግዲህ ዕድሜ ልክዎን አይበጠስም፤ ይሄን ደረጃ መውጣት መውረዱ ቀረልዎት» ብላ ሸኘቻቸው። እሳቸውም አመስግነው ወጡ። በዚያው ቀሩ።

መጀመሪያ ሳቅኩባት። ቀኑ ሲገፋ ግን ያ ከራሳችን በላይ ጎተት ጎተት የሚለው እርምጃ ጭራሽ ጠፋ። ብረቷ «ሸሚዛቸው ጠንክሮላቸው ነው» አለች። እኔ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ተክዬ ወጣሁ። በሩን የከፈቱልኝ ሌላ ሰው ናቸው ብልሽ ይሻላል። ጢማቸው አድጓል፣ ዐይናቸው ጎድጉዷል፣ ሸሚዙን እስከ አንገታቸው ድረስ ቆልፈውታል። ሊያናግሩኝ አፋቸውን ቢከፍቱ ድምፃቸው አልወጣ አለ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠርገው «ምን ብዬ ልውረድ ልጄ? ምንም አልተበጠሰ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ደግፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሲስተር ግፊታቸውን ብትለካ ሰማይ ነክቷል። መድኃኒታቸውንም መዋጥ ትተዋል። ለምን ቢባሉ «ማን ያስታውሰኛል?» አሉ። ሲስተር ክኒኑን ሰጠቻቸውና ወደ እኔ ዞራ «ይሄ የኔ ሥራ ነው፣ ወሬው ያንቺ ነው። ሁለቱም ሕክምና ነው፤ አንዱን ብቻ ብንሰጣቸው ተመልሰው እዚሁ ነው የሚመጡት» አለችኝ።

እሱን ነው እስካሁን የማስበው እትዬ። ለክትባት ዘመቻ ይወጣል፣ ለንጹሕ ውሃ ቧንቧ ይዘረጋል፣ ለትንኝ መድኃኒት ይረጫል። ሰው ከሰው ተነጥሎ እቤቱ ሲደርቅ ግን «የግል ጉዳዩ ነው» ይባላል። የምን የግል! ከበሽታ ተቆጥሮ፣ በጀት ተይዞለት፣ በየደረጃው ሥር ወንበር ሊቀመጥለት የሚገባ ነገር ነው። ይህን ስል ባለቤቴ «ሚኒስትር ሆንሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ!

ጋሽ ፍሬን ገና ማገገም ሲጀምሩ ነው የፎቁ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር የመጡብኝ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ሊቀባ ነው፣ መግቢያው ሥርዓት ሊይዝ ነው። «ኮሪደር መተላለፊያ ነው እንጂ መቀመጫ አይደለም። ሥራ ያለው ደንበኛ ይቀመጥ፣ ወሬኛው ይነሳ። ቅዳሜ መጥቼ ወሬኛ ተቀምጦ ካገኘሁ ወንበሩም መኪናውም ይወጣል» አሉኝ። አንቺ ጋ የደወልኩት ያን ዕለት ነው። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። ከዚህ ብነቀል ልጆቼን ምን አበላለሁ? ግን ወንበሮቹን ባነሳ ያንን በር በገዛ እጄ መልሼ በጋሽ ፍሬን ላይ የዘጋሁት መሰለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ከቤት አምስተኛ ወንበር አምጥቼ ጨመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊቀመንበሩ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትለው ሲመጡ ወንበሮቹ ሞልተው፣ ሰው ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጦ ጠበቃቸው። መምህርቷና አማቷ፣ ሰላምታ የማይወድ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤታችን፣ ጋሽ ፍሬንም ጢማቸውን ተላጭተው። ሁሉም ልብስ ታቅፈዋል፤ ከጋሽ ፍሬን ሸሚዝ በቀር አንዱም ልብስ ላይ ቁልፍ የለም። ማን እንዳስተባበረ አልናገርም። ብረቷ ግን በዋዜማው ቀኑን ሙሉ መቀሷን ይዛ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ነው የዋለችው።

ሊቀመንበሩ «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» ቢሉ መምህርቷ «ደንበኞች ነን። ሥራ ያለው ይቀመጥ ብለው የለ?» አለቻቸው። ጋሽ ፍሬን ከነሸሚዛቸው ተነሱ፤ ያን የናይለን ክር በጥርሳቸው ታግለው ታግለው በጠሱና ቁልፏን በመዳፋቸው ዘረጉላቸው። «ወንበር የሚጠላ ሊቀመንበር ዛሬ ገና አየሁ! ፍሬን ያዝ ወንድሜ!» ሲሉ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። አንደኛውማ ጃኬቱን አገላብጦ አየና «የኔም ላልቷል» ብሎ ቁጭ አለ!

ሊቀመንበሩ «ሰኞ ስብሰባ ይጠራል» ብለው ሄዱ። ይጠራ! ሲስተር የግፊት መለኪያዋን ይዛ እመጣለሁ ብላለች፤ ከሳቸው ነው የምትጀምረው። ካስወጡኝም በሩ ላይ እሰፋለሁ። መጀመሪያ የማወጣው ግን መኪናዬን ሳይሆን ወንበሮቹን ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ያን ዕለት ልትዘጊ ስትይ «ዛሬ ድምፄን የሰማሁት ካንቺ ጋር ሳወራ ነው» ብለሽ እንደ ቀልድ አለፍሽው። እኔ አላለፍኩትም፤ ያንን ድምፅ ጋሽ ፍሬን በር ላይ ሰምቼዋለሁ። ፊት ለፊትሽ የምትኖረውን ጎረቤትሽን ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ «ያቺ ሴትዮ» ነው የምትያት።

ስለዚህ ካፖርት ሰፍቼ ልኬልሻለሁ። ገበሩ ወፍራም፣ ኪሱ ጥልቅ ነው። ሁሉንም ብረቷ ናት ያጠበቀችው፤ የላይኛዋን ቁልፍ ግን እኔ በአንዲት ቀጭን ክር አንጠልጥያታለሁ። ብዙ አትቆይም፣ ትወድቃለች። ስትወድቅ ራስሽ እንዳትሰፊያት! መርፌ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ደብቂው። የሴትዮዋን በር አንኳኪና መርፌ አውሺኝ በያት። ግቢ ካለችሽ ግቢ። ተቀመጪ ካለችሽ ተቀመጪ።

እናታችን ጉንጭሽን ትስማለች፤ ባለቤቴ እጅ ነስቷል። ልጆቹ «አክስታችን ስትመጣ ስፌት መኪናው ሥር እንደብቃታለን፣ እንዳትሄድ» ይላሉ። ብረቷ ካፖርቱን በሙቅ ውሃ እንዳታጥቢው ብላለች። ጋሽ ፍሬንም «ንገሪያት፣ ዳገት ላይ ብቻዋን አትንዳ» ብለውሻል። ለሥራ ባልደረቦችሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ፊት ለፊትሽ ላለችው ሴትዮም እንዲሁ፤ ስሟን ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

እምቢ ያለችው ታናሽሽ

ከደረጃው ሥር፣ ከአምስቱ ወንበሮች አጠገብ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን