ከጓሮ የወጣው የሐዲድ ቁራጭ

ልጄ የኔአለም፣ እመብርሃን በጥላዋ ታኑርሽ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደኅና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ጓሯችን ሲቆፈር የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ወጣ። ቁራሌው ልግዛ አለ፤ ቀበሌውም ከይዞታዬ ስለተገኘ መሸጥ እንደምችል ወረቀት ጻፈልኝ። እኔ ግን ወረቀት ከግዝት አያድንም ብዬ፣ ባለቤት ካለው ይምጣ ስል ከቅዳሴ በኋላ አስነገርኩ።

ያስተማሩሽ መምህር ደመላሽ መጥተው በሐዲዱ ጫፍ ያለውን የመስቀያ ቀዳዳ ዳሰሱና አለቀሱ። ለካ አንቺ ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ፣ በሰማንያ ሦስቱ ግርግር የጠፋው የትምህርት ቤቱ ደወል ነው። በዚያው ዓመት ያረፈው አባትሽ ከዘራፊ ሸሽጎት፣ ሳይነግረን ያለፈ ይመስለኛል። ለትምህርት ቤቱ መለስኩት።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ለፋሲካ ብቅ በይ ልጄ፤ ጠዋት ጠዋት ደወሉ በተመታ ቁጥር «ተነሽ፣ ረፈደብሽ» ልልሽ ወደ አልጋሽ እዞራለሁ።

እናትሽ ያለምወርቅ