የሰረዝኩት እትም

ሰኞ

ሰረዝኩት። ማንም ያየ አይመስለኝም።

ሐይቁ ላይ ነፋስ ሊነሳ ሲል በዓሣ አስጋሪዎች ስልክ የሚጮኸውን ፕሮግራም እኔና ጓደኛዬ ከድር ያለ ክፍያ ነው የምንሠራው፤ ኮዱም ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። አዲስ እትም ሲወጣ ታግ የማደርገው፣ ቁጥሩን የምለጥፈው ማለት ነው፣ እኔ ነኝ። ቁጥሩ በእኛ ዓመተ ምሕረት ይጀምራል፦ 2018.3፣ 2018.4። ዛሬ ቢሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ሪፖርት ስጽፍ ውዬ እጄ ለምዶ 2026.1 ብዬ ለቀቅኩት። ይህ ሳያንስ ያወጣሁት ካለቀው የኮዱ ቅጂ፣ ከዋናው ብራንች፣ ሳይሆን ከሙከራው ነው። ከድር እዚያ ሲሠራ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብሎ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ አጥፍቶታል።

ስህተቱን ያየሁት ከለቀቅኩት በኋላ ነው። ታጉን አጠፋሁ፣ 2018.5 ብዬ ትክክለኛውን አወጣሁ። ለከድር አልነገርኩትም። “ከመልቀቅሽ በፊት የትኛው ብራንች ላይ እንዳለሽ እይ” እያለ ስንት ጊዜ ጨቅጭቆኛል። እኔም ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።

ማክሰኞ

ቅሬታ የለም። ተመስገን።

ከድር “በርቺ፣ እትሙ ጥሩ ነው” ብሎ ጻፈልኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። ምን ዓይነት ፊት ነው ያለኝ?

ረቡዕ

የከድር አባት አባባ ይማም ትናንት ከሰዓት ሐይቁ ላይ ነፋስ ደረሰባቸው። በሕይወት ወጥተዋል። መረባቸው ግን እዚያው ቀረ፣ ክንዳቸውም ተጎድቷል። ስልካቸው አልጮኸም።

ከድር ሥራውን ትቶ ኮዱን ሲፈትሽ ዋለ። ነፋሱን የሚያሰላውን ክፍል የጻፈው እሱ ስለሆነ “ጥፋቱ የኔ ነው” ይላል። ምንም አላገኘም። ምን ያገኛል?

እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ስልኩ የሚያውቀው የእትሙን ቁጥር እንጂ የዘመን አቆጣጠር አይደለም። 2026 አንዴ ከገባበት 2018ን አሮጌ ነው ብሎ አይቀበልም። አባባ ይማም ደግሞ የልጄ ሥራ ነው ብለው አዲስ እትም ሲወጣ ከሁሉም ቀድመው የሚጭኑ ሰው ናቸው። ድምፅ አልባውን ጭነዋል፤ ማስተካከያዬም አልደረሳቸውም።

ለከድር መልእክት ጀመርኩ፣ አጠፋሁ። እንደገና ጀመርኩ፣ አጠፋሁ።

ሐሙስ

ከድር ደወለ። ፕሮግራሙን ሊተወው ነው።

አባቱ “ያንተን ነገር አምኘ ወጣሁ” ካሉት ወዲህ አላናገሩትም። ስልካቸውንም አያስነኩትም። “እኔ ከእንግዲህ የሰው ነፍስ አልይዝም” አለኝ። “ሁሉንም ላንች አስረክባለሁ።”

ለኔ!

እኔስ ምን አልኩ? “ትንሽ አስብበት” አልኩት። አስብበት! ዘግቼ አለቀስኩ። ከድር እንኳ ይቅር ይለኛል፣ አውቀዋለሁ። የምፈራው ጎበዟ ትዕግሥት መባሌ እንዳይቀር ነው። ለዚህ ብዬ ነው አባትና ልጅ ያጣላሁት።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ሐይቁ ዳር ጠብቄ ነገርኩት። የተሳሳተውን ብራንች፣ ቁጥሩን፣ መሰረዜን፣ ትናንት በስልክ ዝም ማለቴን።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም፤ “ስልኮቹስ አሁን እንዴት ይስተካከላሉ?” አለ። ነገ 2026.2 እለቃለሁ፣ ከፍ ያለ ቁጥር ስለሆነ ስልኮቹ ይቀበሉታል፣ ምክንያቱንም በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ በስሜ እጽፋለሁ አልኩት። “ደግ፣ እንዲያ ይሁን” አለ።

ቆይቶ “ላባቴ አንች ንገሪልኝ” አለኝ። “እኔ ብነግራቸው ሰበብ ይመስላቸዋል።”

እሺ አልኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት 2026.2 ወጣ። ብራንቹን ከድር አየ፣ እኔ አየሁ፣ እንደገና እሱ አየ። ከእንግዲህ ቁጥሩ ወደ እኛ ዓመተ ምሕረት አይመለስም። የሠራሁትንም ጻፍኩ፤ ያነበበ ያንብበው።

ከዚያ ወደ አባባ ይማም ሄድን። ክንዳቸውን በጨርቅ አስረው ጀልባቸው ጎን ተቀምጠዋል። ታግ፣ ብራንች ማለት እዚያ ምን ያደርጋል? “አባባ፣ ያላለቀ ሥራ ስልክዎ ላይ የለቀቅኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “ልጅዎ አላጠፋም። እኔ አውቄ ዝም አልኩ።”

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ረቡዕ።”

“እኔም ከረቡዕ ጀምሬ ልጄን አላናገርሁትም” አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱን ልጫንልዎት ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ስልኩን ከኪሳቸው አወጡት፣ እኔን አልፈው ለከድር ሰጡት።

“አንተ ጫንልኝ” አሉት።

ከድር አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይጭን ጀመር፤ እሳቸውም በትከሻው በኩል ያዩ ነበር። እኔ የዘረጋሁትን እጅ የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ። አፍሬም ቢሆን ደስ አለኝ።