ያለ ፊርማ ስለተነሱት ሰርቨሮች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋናና ጥቂት ቅሬታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ወንበርዎን በሙሉ ምቾት፣ ፊርማዎንም እንደ ወትሮው በጥንቃቄ ተቆጥቦ እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሰርቨሮች ቡድን ተጠባባቂ ኃላፊ ስሆን፣ ባለፈው ሳምንት «በብልሽቱ ወቅት አገልግሎቱን ስላስመለሰ» ብለው በሠራተኞች ፊት እጄን ጨብጠው የምስክር ወረቀት የሸለሙኝ ሰው ነኝ። መልኬ ካልመጣልዎ አይጨነቁ፤ ወረቀቱ ላይም የአባቴ ስም የሌላ ሰው ነው።

ደብዳቤው ለሁሉም ክፍት ነውና፣ ሥራችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። ቨርቹዋል ሰርቨር የምንለው በእጅ የማይዳሰስ ኮምፒውተር ነው። በአንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ብዙዎቹ፣ በአንድ ግቢ እንዳሉ ተከራዮች፣ አንድ ማከማቻ እየተጋሩ ይኖራሉ፤ አንዱ የሕሙማንን ካርድ ይይዛል፣ ሌላው የላቦራቶሪ ውጤት ያደርሳል። አንዱን ከመነካካታችን በፊት በነበረበት ሁኔታ ቅጂውን እናስቀራለን፤ በክፍላችን ይህንን «ፎቶ ማንሳት» እንለዋለን። ሥራው ከተበላሸ ወደ ፎቶው እንመለሳለን፣ ከተሳካ ፎቶውን እንሰርዛለን። ያልተሰረዘ ፎቶ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እያደገ ማከማቻውን ይበላል። ማከማቻው ሲሞላ፣ በሥራ ላይ ያለ ሰርቨር እንደምንም ይንገዳገዳል እንጂ፣ አንዴ የጠፋ ሰርቨር ለመነሳት የምትበቃው ቦታ አጥቶ እንደተኛ ይቀራል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ማንኛውም ፎቶ ያለ እርስዎ ፊርማ እንዳይሰረዝ ስላወጡት መመሪያ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ በመግቢያው ገጽ ላይ ያለው «እንኳን ደህና መጡ» ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ እንዲቀየር ሲያዙ ፎቶ አነሳን፤ አረንጓዴው ዓይንዎን ሲያደክመው ወደ ሰማያዊ ከመመለሳችን በፊት ፎቶ አነሳን፤ ሰማያዊው ትንሽ ደመቅ እንዲል ሲፈልጉም እንዲሁ። ፎቶዎቹን ለመሰረዝ ያቀረብናቸው ጥያቄዎች ግን ጠረጴዛዎ ላይ ማንም ሳይረብሻቸው ከረሙ። የተኛ ማሽን በማንቃት ችሎታዋ «አስነሺዋ» የሚል ስም ያወጣንላት ባልደረባዬ፣ ማከማቻው አፉ ድረስ ሊሞላ ነው ብላ ደጋግማ ጽፋልዎ ነበር። አንድም ጊዜ አልተቆጧትም፤ አላነበቡትምና።

ሁለተኛ፣ መብራት በሄደበትና ጄኔሬተሩ ባኮረፈበት በዚያ ጧት፣ ማንኛውም ብልሽት ሲደርስ አስቀድመን እንድንጠራው ያዘዙንን የውጭ አማካሪ ስላመጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መብራቱ ሲመለስ ከፊሎቹ ሰርቨሮች ተነሱ፤ የካርዱና የላቦራቶሪው ግን አሻፈረኝ አሉ። አማካሪው ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ መልሶ ሰካቸው፣ ማሽኑን አጠፋው፣ አበራው፣ ደግሞ አጠፋው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። አስነሺዋ ስክሪኑ ላይ የተጻፈችውን አንዲት መስመር፣ ማከማቻው ቦታ እንደሌለው የምትናገረውን፣ በጣቷ እየጠቆመች ልታሳየው ብትሞክር፣ ባለሙያ ሲሠራ ከጀርባ መናገር እንደሚያውከው ነገራት። ከክፍላችን በር ውጭ በዚያው ሰዓት የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በባዶ ወረቀት ላይ ስም ትመዘግብ ነበር፤ ወረፋው ከደረጃው በታች ወርዷል።

ሦስተኛ፣ ያን ጧት እኔና ሌሎች ኃላፊዎች «ፈጣን አገልግሎት ለሕሙማን» በሚለው ዓውደ ጥናት ላይ ተገኝተን ንግግርዎን እንድናዳምጥ ስለጋበዙን አመሰግናለሁ። ስልካችንን እንድናጠፋ አዘዙን፤ እርስዎም አጠፉ። እኔ ግን ድምፁን ብቻ ነበር የቀነስኩት። አስነሺዋ ስትደውል አጎንብሼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። እንደ ልማዷ ረጋ ብላ ነበር የነገረችኝ፦ የሕፃናት ክፍሉ ሐኪም በራችን ላይ ቆሟል፤ የአንዲት ሕፃን የደም ውጤት ሰርቨሩ ውስጥ ነው፤ ያለ ውጤቱ መድኃኒቱን ለመስጠት አይደፍርም፤ የቀለሞቹን ፎቶዎች ከሰረዘች ሰርቨሮቹ ይነሳሉ፤ ፊርማ ግን የላትም። በበሩ ስንጥቅ አየሁዎት። መድረኩ ላይ ቆመው ስለ ፍጥነት ይናገሩ ነበር፤ ገብቼ ልጠራዎ አልደፈርኩም።

«ሰርዢው፣ እኔ አለሁ» አልኳት።

ሰረዘችው። ንግግርዎን ሳይጨርሱ ሰርቨሮቹ ተነሱ፤ ሐኪሙም ውጤቱን ይዞ ሮጠ፤ ሕፃኗ ድናለች። እኔ ወደ ወንበሬ ተመለስኩና ከሌሎቹ ጋር አጨበጨብኩልዎ።

አራተኛው ግን ምስጋና ሳይሆን ቅሬታ ነው፤ እርስዎንም አይመለከትም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፎቶዎቹ ያለ ፊርማ መሰረዛቸውን ሊያጣራ ሲቀመጥ፣ ሰብሳቢው እርስዎ ነበሩ፤ ጥያቄውንም ያቀረቡት በትሕትና ነው። «ትእዛዝ የሰጣት ሰው አለ ወይ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ክቡር ሆይ፣ የእኔ ሹመት ገና «ተጠባባቂ» ነው፤ የሚያጸድቁት እርስዎ ነዎት፤ ዓይንዎ ደግሞ ፊቴ ላይ ነበር። «አላስታውስም» አልኩ። አስነሺዋ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች። ስልኳን አውጥታ በዚያ ሰዓት ለማን እንደደወለች ማሳየት ትችል ነበር። አላወጣችም። ዞር ብላ አየችኝና፣ ቀስ ብላ «የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አለች። ከሥራ ታገደች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ግን አላካኪው እኔ ራሴ ሆንኩ።

ከዚያ ወዲህ አፍሬ ነው የምኖረው። የምስክር ወረቀቱን ባለቤቴ ሳሎን ልትሰቅለው ሚስማር ይዛ ስትጠብቀኝ፣ ግድግዳው ይበላሻል ብዬ ከለከልኳት። ለልጆቼ ምን ሠርቼ እንደተሸለምኩ መንገር አቅቶኛል። ክፍላችን ስገባ ሠራተኞቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ፤ ልክ ናቸው። እርስዎ ባያነቡም ባይፈርሙም ቢያንስ ለማንም «እኔ አለሁ» አላሉም። ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በአደባባይ እመሰክራለሁ፦ እንድትሰርዝ ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ ባትታዘዘኝ ኖሮ ሰርቨሮቹ እስከ ዛሬ የእርስዎን ፊርማ ይጠብቁ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይበሉኝ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ልትባረር ይገባል ወይ በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣል። ጥፋት ካለ የሚሰናበተው ሰው አድራሻ ከታች ተጽፏል፤ ሽልማት ካለ ደግሞ አዲስ ወረቀት ያሳትሙ፤ በዚህ ጊዜ ስሙን አስቀድመው ከእሷ ይጠይቁ።

ለዕድሜዎ እርዝማኔ፣ ለብዕርዎም ዕረፍት እየተመኘሁ፣

በታላቅ አክብሮት፣ በማይታማ ታዛዥነትና እጅግ በዘገየ ድፍረት፣

ምናልባት እስከ ነገ ድረስ፣ የሰርቨሮች ቡድን ተጠባባቂ ኃላፊ፣ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጀመሪያ ይህን ለእርስዎ ብቻ በኢሜይል ልልክልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን የኢሜይል ሰርቨራችን ከትናንት ጀምሮ አልነሳ ብሏል፤ ምክንያቱ አይጠፋዎትም። ፎቶ ለመሰረዝ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል፤ የፊርማ ጥያቄ ደግሞ ከብልሽቱ በኋላ ባወጡት መመሪያ መሠረት ከኢሜይል ውጭ ተቀባይነት የለውም። ስለሆነም በየበሩ ለጠፍኩት። ለአስነሺዋ የሚጽፉላትን ይቅርታም በኢሜይል መላክ አይቻልምና፣ በእግርዎ ይዘውላት ይሂዱ፤ ቤቷ ሩቅ አይደለም። እኔ ትናንት ሄጄ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው፤ በጠራራ ፀሐይ «ተኝታለች» ብለው መለሱኝ።