እኔ ያልጻፍኩት «በጣም ደስ ይላል»

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ተቆጥቼም ቢሆን ሰላምታ አልነፍግሽም። እንደምን ከርመሻል? እማማስ ወገቧ ተሻላት? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? አባባስ? የእሱን ጤና ከሁሉም አስቀድሜ መጠየቅ ሲገባኝ ወደ ኋላ ያደረግኩት ለመጠየቅ አፍሬ ነው። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ውስጤ ግን እንደ ፈላ ውሃ እየተንተከተከ ነው። በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክሽን ስለዘጋሽብኝ ነው። ደግሞም ወረቀት ከእኔ እጅ ወጥቶ አንቺ እጅ እስኪገባ ድረስ መሀል ገብቶ የሚቀባጥርበት የለም።

ከሁለት ወር በላይ ደወልኩ። አታነሺም። አባባና እማማም የሚያወሩኝ ባንቺው ስልክ ነው። ምን በድያቸው ይሆን እያልኩ ስንት ነገር አወጣሁ አወረድኩ። ባለፈው ማክሰኞ ባለቤትሽ ከመሥሪያ ቤቱ ስልክ ደወለልኝ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅህና ልዝጋ» አለኝ። «የአባትህ እግር ሊቆረጥ ነው ሲሉህ በጣም ደስ ይላል ብለህ የጻፍከው ሰክረህ ነው ወይስ ጤነኛ ሆነህ?» እኔ የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ በር ላይ፣ ስልኬን ገና ሳጥን ውስጥ ሳላስቆልፍ፣ የሆስፒታል አንሶላ የተቆለለበትን ጋሪ ይዤ ቆሜ ነበር። «የምን እግር? የማን እግር?» አልኩት።  ምንም እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የገባው። አባባ እግሩ ተቆርጦ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት እንደገባ ነገረኝና «እኔ ባስረዳት ተመሳጥራችሁ ነው ትለኛለች፤ ራስህ ጻፍላት» አለኝ።

አሮጌው ስልኬ ማለቅለቂያው ገንዳ ውስጥ ወድቆ አዲስ ገዛሁ ብዬሽ አልነበር? ያ አዲሱ ስልክ ከፋብሪካው የራሱን የመልእክት መላላኪያ ተሸክሞ ነው የመጣው። እኔ አልጫንኩት፣ አልለመንኩት። መጀመሪያ ስከፍተው «መልእክቶችህን ላቀላጥፍልህ?» አለኝ፤ እኔ ሞኙ «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ። ጥፋቴ ይቺ ናት፣ አልክድም። ለካ ማቀላጠፍ የሚለው፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ሳጥን ውስጥ ሲቆለፍ በስሜ መልስ መስጠትን ኖሯል! ከመለሰ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ አለቀ ብሎ መልእክቱን «የተመለሰላቸው» የሚባል ጓዳ ውስጥ ይከተዋል። ድምፅ የለው፣ ምልክት የለው።

እዚያ ጓዳ ውስጥ አገኘሁሽ። «የአባባ ቁስል አልድን ስላለ ሐሙስ እግሩን ሊቆርጡት ወሰኑ። እባክህ ደውልለት፣ ድምፁን ሳልሰማ አልገባም ብሏል» ይላል። ከሥሩ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ በእኔ ስምና በእኔ ፎቶ «በጣም ደስ ይላል! በርቱ!» ከዚያ የአንቺ የመጨረሻ ቃል፦ «እግዜር ይይልህ።» ጋሪውን ለቅቄ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ስቆፍር ሌላም ጉድ ወጣ። አለቃዬ እሁድ ትገባለህ ወይ ብትለኝ «በደስታ!» ብሏታል፤ ስሜ ሰሌዳው ላይ ለምን እንደወጣ ሳይገባኝ ሦስት እሁድ አንሶላ ስተኩስ ከርሜያለሁ። አከራዬ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ቢጠይቁ «ሁሉም ነገር ድንቅ ነው» ብሏቸዋል፤ እኔ አልጋዬን ከባልዲ ጋር እየተጋራሁ! ያንቺን ባላይ ኖሮ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ታላቄ ብትሆኚም ላንቺ ልቆጣ። እንዴት አመንሽው? ማሽኑስ ማሽን ነው፤ አባባ ማን እንደሆነ አያውቅም። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ። ከግንብ ሥራ ሲመለስ ሲሚንቶ የደረቀበትን ጫማ ከእግሩ ላይ የማወልቅለት ማን ነበር? በዕድሜዬ አንድ ቀን «በርቱ» ብዬሽ አውቃለሁ? «አንተ ነህ ወይ ይህን ያልከው?» ብሎ መጠየቅ ስንት ቃል ይፈጃል? የአንድ እናት ልጆች ሆነን በሁለት መስመር ቆርጠሽ ጣልሽኝ። ይህን ሳልደብቅ ነው የምነግርሽ። ብቻ ደግሞ እዚያ የሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ያን መልስ ስታነቢ ምን እንደሆንሽ ሳስበው፣ ንዴቴ ዞሮ እኔው ላይ ያርፋል።

በማግስቱ የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ይሄ አይጠፋም፣ ከስልኩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ መደበቅ ግን ትችላለህ» አለኝ። «ቤቴ የገባውን ሌባ መጋረጃ ጀርባ አቁመው ነው የምትለኝ?» አልኩት። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። «ሌላው ደንበኛ እኮ ወዶታል» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

የደረሰልኝ የማጠቢያ ማሽኖቹ መካኒክ ነው። «ዝምታው» ነው የምንለው፤ ቃል እንደ ብር ይቆጥባል። በምሳ ሰዓት መጀመሪያ መልእክትሽን ፎቶ አስነሳኝ፤ ቀጥሎ ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘና ጥቂት መስመሮች ጻፈ። ስልኩ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስቱንም ጊዜ «አዎ» የሚለውን በገዛ ጣቴ እንደ ትኋን ጨፈለቅኩት። የመላላኪያው ድራሹ ጠፋ። ፎቶውን አትሜ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ያ መልስ የተላከልሽ ቀን የሥራ መግቢያ ወረቀቴም አለበት። ሰዓቱን አስተያይው። ለገዛ እህቴ ማስረጃ ማቅረቤ ያንገበግበኛል፤ ግን አቀረብኩ።

ከዚያ በምን እንላላክ የሚለው መጣ። ምሳ ቤቱ ሸንጎ ሆነ። አንሶላ አጣፊዋ ሥዕሉ የሚጨፍርበትን መላላኪያ አወደሰች። ሾፌሩ ሁሉም ሰው ያለበት ይሻልሃል አለ። «ሁሉም ሰው ያለበት ገበያ ነው፤ እኔ የምፈልገው ቤተሰቤን ነው» አልኩት። ዝምታው ማንኪያውን አስቀምጦ «የሚያደርሰውን ያዝ፤ የሚያወራውን ተወው» አለና አንዱን አሳየኝ። ማስታወቂያ የለውም፣ እንዲህ ብለህ መልስ አይልም፤ የተጻፈውን ከላኪና ከተቀባይ በቀር የሚከፍተው የለም። የወዳጆችህን ስልክ ቁጥር ሁሉ ስጠኝ ሲለኝ እምቢ አልኩት፤ ሳያኮርፍ ሠራ። ለሦስት ቀን ከዝምታው ጋር ሞከርኩት፤ እኔ ካልጻፍኩ ትንፍሽ አይልም። ስሙንና አጫጫኑን ከወረቀቱ ጀርባ በትልልቅ ፊደል ጽፌዋለሁ። ባለቤትሽ ይጫንልሽ። ያንቺም ስልክ ያ ቀላዋጭ ካለበት አስነቅይው። እኔንም ከዘጋሽበት ክፈቺኝ። ስድብም ቢሆን ከራስሽ ይምጣልኝ፤ እችለዋለሁ።

እማማን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ልጅሽ አልከዳሽም በያት። ባለቤትሽን አመስግኚልኝ፤ እሱ ባይጠይቀኝ ኖሮ ዛሬም እንደ ጅል ስልክ እደውል ነበር። ትልቋን ልጅሽን፣ መንትዮቹንም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

ለአባባ ይህን ደብዳቤ ቀስ ብለሽ አንብቢለት። ድምፄን እየጠበቀ ሳይሰማኝ ወደ ቀዶ ጥገናው መግባቱን ሳስብ እህል አልወርድ ይለኛል። ባለቤትሽን ያን ቀን ብዙ ልጠይቀው ፈልጌ ሳልጠይቀው ስልኩ ተዘጋ። እትዬ፣ ቀኝ እግሩ ይሁን ግራው እንኳ አላውቅም። ሌላውን ሁሉ ብትተዪው ይህችን ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከተከራየኋት ክፍል
እሁድ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.